ደርሶ መልስ

ከደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት፣ ቁጥሩ ከጠፋ ሣጥን፣
አትጠገብ ጠርታ ሰጠችኝ፣ ስፈራው የከረምኩትን።
"ከባድ ነው፤ መጽሐፍ ነው?" አለች። ፊቴን አይታ ዝም አለች፤
ፈርም ያለችኝ መስመር ላይ፣ ጣቷን ብቻ አሳረፈች።

ሦስት ዓመት የጻፍኩት ልቦለድ፣ ክረምት፣ መብራት በሌለበት፣
ዓባይን ወርዶ የሄደው፣ ተመለሰ ባቀበት።

ደብዳቤው አራት መስመር ነው። "ውድ ደራሲ" ይላል፤
የስሜ ቦታ ላይ ደግሞ፣ ነጠብጣብ ተደርድሯል።
"ሥራዎ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ለጊዜው ገበያው ጠቧል፣
በርትተው ይጻፉ።" ማኅተም። ቀለሙ ግማሹ ጠፍቷል።

እኔም ተንኮል አላጣሁም፤ ስልከው፣ ገጽ ስልሳ ላይ፣
አንዲት ቀጭን የጤፍ ጭድ፣ ሸጉጬ ነበር እንዳትታይ፤
የገለጠው ሰው ካለ፣ መውደቋ አይቀርም ብዬ።
ከፈትኩት ኮቴን ሳላወልቅ፣ ካልጋው ጫፍ ተንጠልጥዬ።
አለች። እንዳስተኛኋት አለች። ወገቧ እንኳን አልጎበጠ፤
አዲስ አበባ ደርሳ መጣች፤ ገጹን ማንም አልገለጠ።

ያን ሌሊት መልስ ጻፍኩላቸው። ቅኔ ቤት ያደገ ያውቃል፤
ሰሙ ምርቃት ይመስላል፣ ወርቁ አጥንት ይሰነጥቃል።
"ሳይገልጡ የሚገለጥላችሁ፣ ጸጋው ይብዛላችሁ" አልኩ፤
አንብቤ፣ ብቻዬን ስቄ፣ ለራሴው አጨበጨብኩ።

ጠዋት ቢሮዬ ስገባ (የመሬት መዝገብ ጸሐፊ ነኝ)
ከየጁቤ ሌሊት ተነስተው፣ እማማ ትርንጎ ጠበቁኝ።
የድንበር ማመልከቻቸውን፣ ሁለቴ መልሼባቸው፣
"ባለመሟላቱ ምክንያት" ብዬ፣ በገዛ እጄ ፈርሜባቸው።
ስማቸውን እንኳ አልጻፍኩም። "አመልካች" ነው የምንለው፤
ነጠብጣብ ያለበት ቅጽ ነው፣ በሺህ ያስባዛነው።

"ደኅና አደርክ ወይ ልጄ?" አሉ። ቁጣ ፈለግኩ ከፊታቸው፤
በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ሦስተኛው ነው ወረቀታቸው።
"ምስክር አልከኝ፣ አመጣሁ። ካርታ አልከኝ፣ ዳግም ቀያሽ ለመንሁ።
ያልከኝን ስንት ቀን ሳስብ፣ ያላልከኝንም አሰብሁ።"
"አይከፋዎትም?" ብላቸው፣ "ይከፋኛል እንጂ፣ ምነው!
እስከ ጨሞጋ ድልድይ፣ ሳለቅስ ነው የሄድሁት ባለፈው።
ድልድዩን ስሻገር ግን፣ ፊቴን በውኃው ታጠብሁ፤
አንተን ስረግም ብውል፣ ካርታው አይመጣም አልሁ።"

ፋይላቸውን ገለጥኩት፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፤
ያላየሁት ቅጠል አለ፣ ሁለቴ ፈርሜ አባርሬ።
ከክላሴሩ እጥፋት ሥር፣ አቧራ ያጣበቀው ካርታ፤
ቀኑ ያምና ነው። አብሮ መጥቷል፣ በመጀመሪያው ለታ።

አልነገርኳቸውም። ፈራሁ። ብቻ በነጠብጣቡ ላይ፣
ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩ፣ ጎልቶ እንዲታይ።

ልጅ ሆኜ፣ ዲማ ቅኔ ቤት፣ የቆጠርኩትን ስነግር፣
የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ሂድ፣ ቤት ይጎድላል" ይሉኝ ነበር።
ወደ ጥዱ ሥር ተመልሼ፣ አፍርሼ፣ ደግሞ ገጥሜ፣
በማግስቱ እቀርባለሁ፣ ያው እኔ፣ በዚያው አቅሜ።
ያኔ ሂድ መባል ትምህርት ነው። አርባን ስሻገር ምን ነካኝ?
ሂድ ባይ ሆኜ ስለኖርኩ ነው፣ ሂድ ሲሉኝ እንዲህ የከፋኝ?

ማታ የትናንቱን ደብዳቤ፣ ያንን ወርቅ ያልኩትን ሁሉ፣
አልቀደድኩትም፤ ያምራላ! መሳቢያ ገባ ከነአመሉ።
ሌላ ጻፍኩ፣ ባጭሩ፦ "ደርሶኛል። ለድካምዎ አመሰግናለሁ።
ስምዎን ባውቅ ደስ ይለኛል። ሌላም ሥራ እልካለሁ።"

ከዚያ ወደ ገጽ ስልሳ። ጭዷን በጥፍሬ አንስቼ፣
አነበብኩት እንደ ባዕድ፣ መብራት እስኪጠፋ አምሽቼ።
እውነቱን ልናገር? ይረዝማል። ከሃምሳ አንስቶ ይንዛዛል፤
ሰውዬው ገበያ ይወጣል፤ ሦስት ምዕራፍ በግ ያማርጣል።

ጭዷን በመስኮት ለቀቅኋት፤ ሰው መፈተን አይበጀኝም።
በጉን ባንድ መስመር ገዛሁት። በዋጋው አልተከራከርኩም።