አሥራ አምስት ዘንግ ተኩል

ቅዳሜ ነው፤ ገና በጧት
ከፔዳ ግቢ ወጣን፣ ስድስት ባልዲ ይዘን፣
ሁለት ከረጢት ኦሞ፣ ያረጀ ሸሚዝ ቀድደን፣
ጣና ዳር ሰፈርን፣ ባጃጅ ልናጥብበት።

ሠላሳ ብር ላንዱ። ሹፌሩ ይሥቃል፦
«ውሃ ለመቆፈር ውሃ ይሸጣል?»
ሰዋለም ደረሰኝ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤
እኔ ሣጥን ያዥ ነኝ። የጫማ ካርቶን ነው፣
አፉን በፕላስተር ዙሪያ ያሸግነው፣
ጎኑ ላይ የመንደር ስም፣ ኛሙች የጻፈችው።

ያልታደለ ሎተሪ፣ የደረቀ ሎሚ፣ የሕፃን ጫማ፤
ባንዲት ባጃጅ ወንበር ሥር ይገኛል ግማሽ ከተማ።

ኛሙች የዶርሜ ልጅ፣ አገሯ ከሶባት ማዶ፤
በጋ ሲሆን፣ ኩሬው ደርቆ፣ ውሃው ከቀዬው ርቆ ሄዶ፣
እናቷ በጨረቃ ወጥታ በፀሐይ ትመለሳለች፤
የምታመጣው ጭቃ ነው፤ በጨርቅ ታጠላለች።
ይህን የነገረችን ጥርሷን ስትቦርሽ ነበር፣
አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከመስኮቱ ሥር።
አላለቀሰችም። ብቻ የተረፋትን ውሃ
በጆጉ መልሳ ከደነችው፣ እንደ ሳንቲም ቆጣሪ ድሃ።

አንዲት መነጽር ያደረገች፣
መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ካርቶኑን አነበበች።
«ያገር ልጅ ተጠምቶ፣ ለባዕድ ትለምናላችሁ?»
ሃያ ብር ግን ሰጠችኝ። «ለማንኛውም ይቅናችሁ።»

መልስ ነበረኝ ትናንት፤ በስብሰባው አሰማምሬ
የተናገርኩት ነበር፤ እሷ ፊት ግን ጠፋኝ ዛሬ።
በዚያችው ሰዓት አንጓች፣ ያቺ ዓሣ ሻጭ ሴት፣
ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ጎንበስ ብላ ከደንገሉ ፊት፣
የኛ የኦሞ አረፋ ወደሷ ሲንሳፈፍ አየሁ፤
በእጇ ጀርባ ገፋ አድርጋ ቀዳች። እኔ ዝም ብዬ ቆየሁ።

አያ እንድሪስ ታንኳውን ከእንቦጩ መሃል አወጣ፤
ሁለት አምባዛ በሸምበቆ ሰክቶ ወደኛ መጣ።
«ይኼ ደሞ ምንድን ነው?» አለ፣ ካርቶኑን በዘንጉ ነክቶ።
ነገርኩት። አዳመጠኝ እስከ ዳር፣ አንገቱን ደፍቶ።
ዓሣ ዓሣ የሚሸት አምስት ብር ፈታ ከመቀነቱ፤
«ውሃው ሲወጣ ንገሪኝ፣ ስንት ዘንግ እንደሆን ጥልቀቱ።»

አሥራ አንድ ቅዳሜ አጠብን። ሰዋለም ሥራ አግኝቶ ቀረ፤
አንዱን ቅዳሜ ዘነበ፤ ካርቶኑም በሰበሰ፣ ተቀየረ።
የኛ ድርሻ ትንሽ ናት፤ ናይሮቢና ጁባ
ያሉ ተማሪዎች ሞሉት፤ መቆፈሪያው መንደሩ ገባ።

በመጋቢት፣ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ቪዲዮ መጣ፦
የብረት ፓምፕ፣ የልጆች እጅ፣ ካፉ ውሃ እየወጣ።
ከሥሩ፣ ስድሳ ሁለት ሜትር። ኛሙች ደጋግማ አየች፤
ከዚያ ጆጉን አነሣች፣ ግጥም አድርጋ ጠጣች።

እኔ ሐይቁ ዳር ሮጥኩ። የአያ እንድሪስ ዘንግ አራት ሜትር፤
በዘንባባው ጥላ ሥር፣ በጣቴ እያካፈልኩ ቁጥር።
«አሥራ አምስት ዘንግ ተኩል!» አልኩት፣ ገና ከሩቅ ጮኼ።
«አሥራ አምስት?» አለ፣ ዘንጉን ሽቅብ አቁሞ። «ይኼ?»

ወደ ታች ስለማይታይ ወደ ላይ ነው የለካው፤
ዘንግ በዘንግ ላይ ቀጥሎ፣
ከዘንባባው ጫፍ አልፎ፣ ከሆቴሉ ሰገነት ዘሎ፣
ዓይኑ ሰማይ ላይ ደከመው።

«እኛ የምንጠጣው» አለ፣ «የላዩን ነው፤ የላይ ላዩን።»
እንቦጩን ገለጥ አድርጎ አጠለቀ ዘንጉን፤
ግማሽ እንኳ ሳይሰምጥ ጭቃ ነካ። አወጣው፣ ጠረገው በእጅ፤
«የኛስ ስንት ዘንግ ይሆን? ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ ልጅ።»

አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፤ ማንም አልለካውም።
ከኋላዬ ባጃጅ ቆመች። ዕለቱ ቅዳሜ አይደለም፤
ባልዲ አልያዝኩም፣ ኦሞ የለኝም።
«ዛሬም አለ እጥበት?» አለ ሹፌሩ፣ ወርዶ ከወንበሩ።
«አለ» አልኩት፤
«ግን አርቀህ አቁማት፣ ከሐይቁ፣ ከዳሩ።»