በግራ በኩል

ከሌሊት ፈረቃ ሲወጣ አባቴ፣
ጥጥ ፀጉሩን አልብሶት፣
እንቅልፍ ዓይኑን ከብዶት፣
ከፋብሪካው በር ላይ እጠብቀዋለሁ
ሁለቱን ብስክሌት ግራና ቀኝ ይዤ፣
በጥር ንጋት ብርድ ጣቴ ድረስ ደንዝዤ።

ጥጡን ላራግፍለት እጄን እሰዳለሁ፤
ገሚሱ ይረግፋል፣
ገሚሱ እምቢ ይላል።
«ተይው» ይለኛል፣ «እሱ የኔ ነው፣ አይረግፍም።»
ሌላ ቃል አይጨምርም።

የሱ ብስክሌት ጥቁር ናት፣ እንደ ብረት አልጋ የከበደች፣
ዱቄትም እኔንም ስትጭን የኖረች፤
ደወሏ ብቻ ነው ጤነኛ፣ ሌላ ሌላዋ የተበየደ።
የኔ ከደሴ መጣች፣ ሦስተኛ ባለቤቷ ነኝ፤
ሰባት ማርሽ አላት ብለው ሸጡልን፣
አምስቱ ነው የሚገኝ።

ኮምቦልቻን ከኋላ ትተን ሐረጎን ስንጀምር
ለየኩርባው ስም አለው።
የመጀመሪያው «አህያ መላሽ»፤
ቀጥሎ «ሁለቱ ባሕር ዛፍ»፣ አንዱ ከተቆረጠ ዓመት ቢያልፈውም፤
ቀጥሎ «እፎይታ»፣ እፎይ የሚባልበት ቦታ ባይኖረውም፤
የላይኛው ግን፣ አቀበቱ ደረት ለደረት ሲገጥም፣
«ዝም በይ» ነው ስሙ፤
እዚያ ላይ የተናገረ ሰው ያልቃል አቅሙ።

«ሳንባሽን ጠይቂ፣ እግርሽን አትስሚ፤
እግር ዋሾ ነው፣ ሳይደክመው ያቃስታል።
አገጭሽን ሰብስቢ፣ ትከሻሽን ጣይ፤
ዳገት በንዴት አይወጣም፣ በልምምጥ ይወጣል።»

ሁልጊዜ በግራዬ ነው።
ሲኖትራክ ሲመጣ ነፋሱ ቀድሞ እሱን ይመታል፣
ሸሚዙ እንደ ሸራ ይነፋል፤
እኔ ጋ የሚደርሰው አቧራና ጥሩምባ ብቻ ነው።
በቀኜ ገደል አለ።
«ገደል ቦታውን አይለቅም» ይላል፣
«የሚለቅ ነገር ነው የሚፈራ።»

የውድድሩ ለት ጥሪው ለሠራተኛም ለወጣትም አንድ ነበር፤
እሱ ሠላሳ አንድ፣ እኔ ሠላሳ ሁለት ቁጥር።
እናቴ በመርፌ ቁልፍ ጀርባችን ላይ ሰክታ፣
«የወደቀ ሰው ቤት አይመጣም» አለች
የበሶውን ኮዳ አንገቴ ላይ አንግታ።

«እፎይታ»ን ስናልፍ ከፊታችን ስምንት ሰው ነበር።
የሐይቁ ልጅ አስፋወሰን እንደ ነጥብ ርቆ ይታያል።
እግሬ መሄድ ይፈልጋል፣
እኔ እይዘዋለሁ፤
የጥቁሯን ብስክሌት ሲቃ እየሰማሁ
በልኳ እነዳለሁ።
ያወቀብኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ፣ «ዝም በይ» እጥፋት ላይ፣
አባቴ ተናገረ።
«ሰንሰለቴ ወለቀ! ሂጂ!»
ቀስ አልኩ።
«ሂጂ አልኩሽ፣ ዞረሽ አትይ፣ እደርስብሻለሁ።»
ዞሬ አየሁ፤
ጎንበስ ብሏል፣ ፊቱን ከኔ ሰውሮ።

መንገዱ ለውድድሩ ተዘግቶ ነበር፤
አንድ መኪና የለም።
ግን ግራዬን በረደኝ።

ደሴ ስገባ አራተኛ ነኝ፤ ሜዳሊያ የማያውቀው ቁጥር።
አንዲት የማላውቃት ሴት የብርቱካን ግማሽ ሰጠችኝ፣
ሌላውን ግማሽ እየበላች።
«ረውዳ ይመር!» ይላል ባለ ድምፅ ማጉያው፣
የአባቴን ስም ከኔ ይበልጥ አጥብቆ።

ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መጣ፣
ደወሉን እያቃጨለ፣ እንደ ሠርገኛ።
እጁን ዘረጋልኝ፤ ያዝኩት።
ሰንሰለት የነካ እጅ አውቃለሁ፤
ሳሙናም ነጭ ጋዝም አያስለቅቀውም፣
ጥፍር ሥር ሁለት ቀን ያድራል።
የአባቴ እጅ ንጹሕ ነበር።
ላብ ብቻ።

አልጠየቅኩም።
እሱም ስለ ሰንሰለቱ አላነሳ፤
ሻይ ጠጣን፣ ሁለት ሁለት ስኳር፣
ስለ አስፋወሰን ጎማ አወራን።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተከፍቶ፣ መኪናው ተለቆ፣
ቁልቁል ስንመለስ ፍሬናችን ያፏጫል።
«ዝም በይ» ጋ ስንደርስ
በኋላው ዞሬ በግራው ገባሁ።
አየኝ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ።
«አባዬ» አልኩት፣ «የኩርባውን ስም አትርሳ።»

ሲኖትራኩ መጣ።
ሸሚዜ ተነፋ።