ሂሳብ የለም

ድንኳኑ ፈረሰ፤ የእድሩ ወንበር ተቆጠረ፣
አንድ ጎደለ ተባለ፤ ተፈለገ፣ ከጓሮ ተገኘ፣ ተጫነ።
ጭቃው ላይ የእግሮቹ ጉድጓድ ብቻ ቀረ፣
ማታ ካፋ፤ ጉድጓዱ ሁሉ ውሃ ቋጠረ።
የጎደለ ወንበር ሲገኝ አየሁ በዓይኔ፤
ሌላ የተገኘ የለም።

ስሟ ዘነበች ነበር።
እዚህ ጅማ ስትኖር ይኼ ስም ፋታ አይሰጥም፤
ሱቅ በረንዳ የተጠለለ ሁሉ ሰማዩን አይቶ
«ዘነበ እኮ!» ይላል፣
እኔ ዞር እላለሁ።

የሸራ ጫማዋ ከበር ጀርባ አለ፣
አንዱ ወደ ግድግዳ፣ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣
የመጨረሻው ጭቃ ከነስንጥቁ ደርቆ።
ናዚፋ መጣች። «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» አለች፣
ሌላ ቃል አልጨመረች፣ መጥረጊያ አንስታ ቤቱን ጠረገች።
ጫማው ጋ ስትደርስ እጇ ቀስ አለ፣
የተኛ ሕፃን እንዳለ ሁሉ
ዙሪያውን ዞራ አለፈች።

አጎቴ ከሊሙ መጥቶ ሦስት ቀን መከረኝ፦
«ወንድ ልጅ በሆዱ ነው የሚያለቅስ፣ ቻለው።»
እሺ አልኩ። ቻልኩት።
ሆዴ ግን ጎተራ አይደል፣ ሞላ።

በአራተኛው ቀን ሲመሽ ተማም ባጃጁን ደጄ ላይ አቆመ፣
«ግባ» አለኝ።
«ወዴት?» ብለው ሞተሩን አስነሳ፣ ዝም አለ።
የጎኑን ላስቲክ አወረደ፣ እስከ ታች ዘጋው፣
ዝናቡ ጣራው ላይ እንደ ገብስ ቆሎ ይንጣጣል።
ከመርካቶ ወደ ሄርማታ፣ ከሄርማታ ወደ አጂፕ፣
በአዌቱ ድልድይ ተመልሰን ደግሞ ወደ ጅሬን ዳገት፤
መንገድ አልነበረንም፣ መንዳት ብቻ ነበር።
ከፊቱ ያለችውን መስታወት
በአውራ ጣቱ ገፍቶ ወደ ጣራው አዞራት፣
እንዳያየኝ።

ያኔ ወጣ። ለቅሶ ነው ልለው ይከብደኛል፤
ልጅ ሳለሁ የሰማሁት፣ የጅብ ወጥመድ ውስጥ የገባ ውሻ ድምፅ ነበር።
መንገደኛ እጁን አውጥቶ «ባጃጅ!» ሲለው
ተማም አንገቱን ሳይመልስ «ሞልቷል!» ይላል።
ከኋላ እኔ ብቻ ነበርኩ።
ልክ ነው፤ ሞልቷል።

ዳገቱ ወገብ ላይ ቤንዚን አለቀ።
ወረድን፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።
ትከሻዬን ብረቱ ላይ ጥዬ ስገፋ፣
እሷ ከተቀበረች ወዲህ
የነካሁት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ።
ተማም ተንሸራቶ በቂጡ ወደቀ፣
ሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ።
እሱም ሳቀ፤ እሱ ግን አላፈረም።

ሌሊት ደምበላሽ ፍራሽ ይዞ መጥቶ መሬት ላይ ተኛ።
ያንኮራፋል፤ እንደ መጋዝ፣ ያውም ጥርሱ እንደ ረገፈ መጋዝ።
ሌላ ጊዜ ቢሆን በክርኔ እጎሽመው ነበር፤
አሁን ሲያቋርጥ እነቃለሁ፣ ሲቀጥል እተኛለሁ።

ጠዋት ከወርክሾፕ አንድ በርጩማ አመጣልኝ፣
ለዘነበች ጀምሬ የተውኩትን፤ ጨርሶታል።
የእኛ አገር በርጩማ እግሩ አይገጠምም፣
መቀመጫውም እግሩም ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣ።
ሦስት እግር፣ ሦስት ወዳጅ፣ ልል እንደሆነ አውቃለሁ፤
አልልም። እንጨት እንጨት ነው፣ ዝናብ ሲነካው ይሸታል።
ብቻ ተቀመጥኩበት።
ያዘኝ።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ለማንም ያልነገርኩት፦
የተማም አባት የሞቱ ጊዜ ሄጄ ነበር፣
ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ፣ ሁለት ጊዜ ሰዓቴን አይቼ፣
«አይዞህ» ብዬ ወጣሁ፤ የደረሰ የቁም ሳጥን ሥራ ነበረኝ።
እና በዚያ ማታ፣ ደጄ ላይ ስንደርስ፣
ኪሴን ስዳብስ አየኝና
«ሂሳብ የለም» አለ።
ስለ ቤንዚኑ ይሁን፣ ስለ አባቱ፣
አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም።

የነገን አላውቅም። አርባዋም ገና ሩቅ ነው።
አሁን ግን ዘንቧል፣ መሽቷል፣
ከታች፣ ከመታጠፊያው፣ የዚያ ባጃጅ ሳል ይሰማኛል።
ጎንበስ ብዬ ከበር ጀርባ
የእሷን ሳልነካ
የራሴን ጫማ እፈልጋለሁ።