ከሦስተኛው በላይ

እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። በናሪን ወንዝ ዳር፣ በጭቃው መንገድ
መርፌዬን ይዤ እዞራለሁ፣ ካንዱ በረት ወጥቼ ወደ ሌላው ስወርድ።
ዘንድሮ ግን ከክትባቱ ሣጥን ጎን
ደብተር ይዣለሁ፤ ባለ ካሬ፣ የልጄን።
ልጄ ልትዳር ነው። የወንዱ ወገን ከታችኛው መንደር፤
ሰባት ቤት ሳይቆጠር ምን ኪዳን ይታሰር?

አጎቴ ቶክቶሱን ሲቆጥር፣ በጎች ወደ ጋጣ እንደሚያስገባ፣
ባንድ ትንፋሽ ነው፤ የፊቱ ላት ከኋላው ግንባር ተያይዞ ሲገባ፦
«ኩባት፣ ኢማንኩል፣ ሳዲር፣
ኤሺም፣ ቦቶባይ፣ ካራጉል፣ ጃንቦሎት።»
ሰባት። ሻዩን ፉት ይላል።
ይህች ቆጠራ ናት ለእርሱ ርስት፣ ለእርሱ ጸሎት።
«ኤሺም በግራጫ ባዝራ መጣ» ይላል፣ «ሀብቱን ጭኖ፣ ተመርቆ።»
የታችኛው መንደር ሰው ግን ሆዱን ይዞ ስቆ፦
«ባዝራይቱ የኛ ነበረች፤ የናንተው ኤሺም ነው የወሰዳት፣ ሰርቆ!»

ሁለቱንም ጻፍኩ። የከብት ሐኪም ለምዶታል፤
ባለከብት ሁሉ፣ ላሚቱ መቼ እንደታመመች ሲጠየቅ፣ ይዋሻል።

አክስቴ ኡልካን ዘጠና ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ደክሟል።
ሱፍ ትባዝታለች፤ ጣቷ ከራሷ ዕድሜ ያነሰ ይመስላል።
ሳዲር አባቷ ነው፤ በእቅፉ አድጋለች።
ጥያቄዬን ሦስቴ ጮኽኩላት። በሦስተኛው ቀና አለች።

«ኤሺም አልመጣም። ኤሺም የሚሉት ሰው እኛን አያውቅም።
የመጣችው ቡሩል ናት፤ እርሷን የሚቆጥር የለም።
ቡሩል ማለት ‹ዙሪ› ማለት ነው፤ ሴት በሴት ላይ ስትወለድ፣
ለሕፃኗ ሳይሆን ለማሕፀኑ የሚወጣ ስም፣ ወንዱ እንዲያገኝ መንገድ።

በሽሽቱ ዓመት ሰው ወደ ቻይና ጎረፈ፤
በማግስቱ የቀረው ተመለሰ፤ የሞተው አረፈ።
ቡሩል በደልን ተሻገረች፤ የበደል በር በበረዶ ታፍኖ፣
ባል የላት፣ ወንድም የላት፤ ያቺ ባዝራ ብቻ፣ ጌታዋ የትም ባክኖ።
ባንድ ጎን ጨው በጆንያ፣ በሌላው ጎን በለምድ የተጠቀለለ ሕፃን።
ጨው ያኔ ወርቅ ነው። ባዝራይቱ ተንገዳገደች፤ መጣል ነበረባት አንዱን።
ጨዉን ጣለች።

ልጁ የራሷ ነው? ሳትናገር ሞተች።

መንደር ስትደርስ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው፣
‹የማን ልጅ ነው? አባቱን ጥሪ› አሏት። ምን ትበል? ስም የለው።
ዝም ብላ አንገቷን ደፋች። እነርሱ ባዝራዋን ዞሯት፤
ከጭኗ ላይ፣ ጠጉር ያልሸፈነው፣ በብረት የተተኮሰ ምልክት፣
ስባሪ ጨረቃ የመሰለ። ‹የኤሺም ነው!› ብለው ራሳቸው አነበቡላት።
‹አዎ፣ የኤሺም› አለች። በቃ፣
በዚያች ቃል አራት አባት ሰጧት።»

ስንቱን ተኩሻለሁ በዚህ እጄ!
ጠጉር ሲቃጠል ሽታው ሦስት ቀን አይለቅም፣ ከካፖርቴም፣ ከደጄ።
አያት ቅድመ አያቴን በዚያ ብረት
ይጽፉታል ብዬ መች ጠረጠርኩት?

«ባዝራይቱስ?» አልኩ፣ ወደ ደህናው ጆሮዋ ተጠግቼ።
«በሏታ! ክረምቱ እንደ ዛሬው መሰለሽ ልጄ?
አባቴ ግን ጥርስ አልነበረው፤
እርሱ ወተቷን ነው የጠጣው።»
ሱፏን መልሳ አነሣች።

ማታ፣ ኤሺምን በቀለም ጻፍኩ፣ አጎቴ እንዳለኝ።
ከሥሩ በእርሳስ ስባሪ ጨረቃ ሣልኩ፤ ቡሩልን የት ላድርጋት፣ መስመሩ አለቀብኝ።
ከደብተሩ ልባስ ላይ ጻፍኳት፣ ከልጄ ስም በላይ፣
ከማባዣው ሠንጠረዥ ጎን፣ ሰው በማያይበት፣ ሁሌም በሚታይ።

ነገ አርባ በግ ይጠብቀኛል፣ በየጆሮው ላይ ቁጥር፣
እናቱን በድምፅዋ የሚለይ፣
አባቱን የማይቆጥር።