ሁለት ሚሊ ሜትር

ቁልፍ ነው ይሉታል፣ በር ከፍቶ አያውቅም፤
ከሸሚዝ ደረት ላይ ተሰፍቶ አይታይም፤
ሰማንያ ሰባቱ ተደርድረው ሳሉ
ማን ሊነካን ይሆን ብለው ይጠብቃሉ።

ቡቾን፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል።
የብረት ጣት ያለው ማሽን
አንዱን ቁልፍ ይመታል፣ ይመታል፣ ይመታል፤
አርባ ሚሊዮን እስኪሞላ ይመታል፤
አይደክመው፣ አይቆጨው፣
ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው አንድ ምት የለው።

ፕዮ ዶግዩ ግን አለው።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በጨዋታው ዓለም ጡረተኛ።
ግራ አንጓው ላይ እንደ አምባር የማይወልቅ ፋሻ።
እንጀራው ቁልፍ መጫን፣ ቁልፍ ማዳመጥ፣
«ይሄ ይሻክራል፣ ያ ይንቋቋል» እያለ ለናም ሄሱክ መንገር።
እሷ መሐንዲስ ናት፣ ከጆሮ ይልቅ ሚዛን የምታምን፤
የሞላውን ጉልበት በግራም ትለካለታለች፦
አርባ አምስት።
ሁለት ድንቢጦች ጣትህ ላይ ቢያርፉ ይኸን ያህላሉ።

ያን ዕለት ቡሳን ላይ አዳራሹ ሞልቶ፣
ታክ ሰንግዎን ከፊቱ ጭጋግ ውስጥ ተኝቶ፣
ዶግዩ አይቶት ነበር፤ ዶግዩ ቀድሞት ነበር፤
ጣቱም ታዝዞ ወርዷል እስከ ቁልፉ ድንበር።

ቁልፉ ግን ሕግ ነበረው፦
ሁለት ሚሊ ሜትር ያልወረደ ጣት እንዳልመጣ ይቆጠራል።
ዶግዩ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ወረደ።
አንድ ነጥብ ዘጠኝ ፍላጎት ነው። ሁለት ድርጊት ነው።
በመካከሉ የአንዲት ፀጉር ውፍረት፤
በመካከሉ ዋንጫው፤
በመካከሉ አባቱ የዓሣ ሱቁን ዘግቶ፣ ቆሞ ያየው ስክሪን።

ዛሬ ሄሱክ አዲሱን አመጣች።
ጥቁር፣ ከአንድ ድፍን አሉሚኒየም የተፈለፈለ፣
ሲያነሡት እንቅልፍ እንደጣለው ሕፃን የሚከብድ።
የቁጥሩ ሰፈር ተቆርጦ ወጥቷል፣ ማውሱ እንደ ልቡ እንዲሮጥ።
ፊደሉ ከላይ የተቀባ ቀለም አይደለም፤
ከሥር እስከ ጫፍ ያለፈ ነጭ ፕላስቲክ ነው፣
ቢፋቅ ቢፋቅ ያው ፊደል።
(የድሮዎቹ አራቱ ተልገው መስታወት ሆነው ነበር፤
ዶግዩ በሽንፈት ማግስት ፊቱን ያየባቸው።)
ሆዱ ውስጥ ስፖንጅ ተጎዝጉዞለታል፤
ሲጫኑት ጠጠር ጥልቅ ጉድጓድ ሲገባ እንጂ ጣሳ ሲንኳኳ አይመስልም።
የቀስተ ደመና መብራቱን «ይሄ ለገዢ ዐይን ነው» ብሎ ዶግዩ አጠፋው።

ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ማግኔት አለ።
ብረት ከብረት አይነካካም፤ መቅረቡን ብቻ ይሰማል፣
በሰከንድ ስምንት ሺህ ጊዜ «ደረስህ ወይ?» እያለ።
«እስከ ዜሮ ነጥብ አንድ ይወርዳል» አለችው፣
«ጣትህ ገና ሲያስብ ይሰማሃል።»

ዶግዩ ጣቶቹን አሳረፈ። ማሳረፍ ብቻ።
ስክሪኑ ላይ የነበረው ወታደር ዘለለ፣ ተኮሰ፣ ከገደል ገባ።
ትንፋሹ ተቆጠረበት።
የአንጓው ሕመም ተቆጠረበት።
ጣት ጫፍ ላይ የምታንኳኳው ደም እንኳ ትእዛዝ ሆነች።

ካፍ የወጣ አፋፍ፤ ከጣት የወጣስ ምን?
ያልተናገርኩትን ሰምቶ ለሚያምን?

«ታዲያ ስንት ላድርገው?»
«ለሁሉም አንድ ነጥብ ሁለት። ሰው ማረፊያ ይፈልጋል።»
ከዚያ ዝም አለ። የብረቱ ጣት ብቻ ይመታል።
ከዚያ በግራ በኩል፣ ከአራቱ ከፍ ብላ
የቀለበት ጣት የሚደርስባትን አንዲት ቁልፍ ለይቶ
«እቺን አንድ ነጥብ ዘጠኝ» አላት።
ለምን አላለችውም።

ባዶ ሜዳ ከፈተ፤ ጠላት የለ፣ ጭጋግ የለ፣ ጩኸት የለ።
ጣቱን አወረደ፣ ያንኑ ያህል።
ወታደሩ ተኮሰ።

ሄሱክ መዝገቧ ላይ ቀኑን ጻፈች፣ የቁልፉን ቁጥር ጻፈች፣
ከጎኑ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አንድ ቃል፦
አለፈ።