ሞላላው ኳስ

ቀትር ላይ ነው ድሬ፤ ከዚራ ተኝቷል፤
ጥላው ራሱ ሸሽቶ ከዛፉ ሥር ገብቷል።
ከተማው በርጫውን ዘርግቶ ሲቀመጥ
አንድ ሽማግሌ አለ ሜዳ የሚያቋርጥ፤
ጉልበቱን እየጎተተ፣ ጎንበስ ብሎ፣
የኖራ ጣሳውን በገመድ አንጠልጥሎ፣
ነጭ መስመር ያሰምራል፤
ነፋስ ይጠርገዋል፤
ደግሞ ያሰምራል።

ሮብሌ ዋበሪ፤ በሶማልኛ ፍቺው
ዝናብ ይዞ የመጣ፣ ደመና ያመጣው፤
ሲወለድ ዘንቦ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን
ላቡ ነው ያራሰው ይኼን ሜዳችንን።

ጆሮው የታጠፈ፣ የተረገጠ ዘይቱን፤
አዲስ ተማሪ ሁሉ ይጠይቃል ይህን፦
«ጋሼ፣ በጠብ ነው ወይ? ማን ነው የበደለው?»
«አቦ፣ ጠብ አይደለም፤ ጓደኛ ነው ያሸው።»

በአሥራ ሰባት ዓመቱ በጭነት ባቡር ላይ
ጅቡቲ ወረደ ዕድሉን ሊያይ፤
ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ሰንብቶ
አንድ አርብ ከሰዓት፣ ሰው ጎድሎ፣ ተጠርቶ
ገባ በባዶ እግሩ። እጁ ላይ ያረፈው
ኳስ ነው ወይስ እንቁላል፣ ሰጎን የጣለችው?
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ሞላላ ኳስ
ከደረቱ ሸጉጦ ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣ ሲደርስ፣
ጉልበቱ ሲሰበር ድሬ ተመለሰ፤
ኳሱን በብብቱ ይዞ ለገሃሬ ደረሰ።
«ኳሱን ማን ጨመቀው?» ልጆች ተንጫጩበት፤
«ምን መጨመቅ ብቻ፣ ግመል ነው የተኛበት!»

ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት
ዕቃ ቤት ጠባቂ ተብሎ ተቀጠረ።
ዕቃ ግን አልነበረም፦
ሁለት ኳስ፣ አንድ ፊሽካ፣ ሜዳ ሙሉ ድንጋይ።
ድንጋዩን በእጁ ለቀመ። ልቀም ያለው የለም።
ስንት ጋሪ እንደሆነ ደቻቱ ያውቃል፤
እዚያ ነው የደፋው።

ስማችን አይያዘውም፤ የሚያውቀው እግራችንን፤
በጫማ ቁጥር ነው የሚጠራን ሁላችንን።
እኔ ሠላሳ ስምንት። ከሞጣ የመጣሁ፣
በፕላስቲክ ጫማ መነሻው ላይ የቆምሁ።
ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ እግሬን አየ፣ ገባ፤
የተቀደደ ስፓይክ ማታ ሲሰፋ አድሮ
ጠዋት ሰጠኝ፤
ግራው ቀይ፣ ቀኙ ሰማያዊ።
«ስንት ነው?» ብለው
«ሩጪበት» አለኝ።

አንዴ ሊያስተምረን ሞከረ ያንን ጨዋታ፤
ስድስት ሰው ብቻ መጣን በዚያ አቧራማ ማታ።
«ከፊት ላለው ሰው» አለን፣ «ኳስ አይሰጥም ፈጽሞ፤
ከኋላ ለሚመጣው ነው፤ እሱ ይሂድበት ደግሞ።»
አልገባንም። ኳሱ ነጥሮ ወዳላሰብነው ሄደ፤
ስቀን ተበተንን።
እሱ አቧራውን ጠርጎ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።
አርብ አርብ ይነፋዋል፤
ማንም አይጫወትበትም።

ጡረታ ሲወጣ፣ ሽኝት አለ ሲሉኝ፣
ከሞጣ ድረስ መጣሁ፤ ያ ስፓይክ አመጣኝ።
ስሙን «ሮቤል» ያለ የምስክር ወረቀት
ከብርድ ልብስ ጋር ሰጡት፣ በዚያ በድሬ ሙቀት!
«ሐረር ስሄድ ይሆነኛል» አለና ሳቀ፤
በማግስቱ ማለዳ ሜዳው ላይ ዘለቀ።

አዲሱ ጠባቂ፣
ሸሚዙ ላይ የሱቁ እጥፋት ገና ያልጠፋ ልጅ፣
ከኋላው ቆሞ ቁልፉን ጠየቀ።
ሮብሌ አልዞረም።
መስመሩ ጥግ አልደረሰም፤ አንድ እጁ ጣሳ ይዟል።
በሌላው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ
በብብቱ በኩል ወደ ኋላ ወረወረ፤
ልጁ ቀለበ።
«ሠላሳ ዘጠኝ» አለው፣ ኮቴውን ብቻ ሰምቶ፤
«ነገ ኖራ ግዙ።
ይኼ ለማዕዘኑ አይበቃም።»