አሥራ ሰባት ባቄላ

ሽታዬ፣ ነገ ነው አሉኝ ቀጠሮሽ፣
ቅሬታ ሰሚው ፊት የሚታይ ጉዳይሽ።
አምና እኔ ቀርቤ ያየሁትን ላውጋሽ፣
እንዳትደናገሪ፣ ብርዱም እንዳይጎዳሽ።

ሁለት ሰዓት ቢሉም እስከ አራት ይዘልቃል፤
ጋቢ ያዢ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ቀድሞሽ ተራ ይዟል።
ወረቀትም ያዢ፤ የልደት ካርዱን፣ የክትባቱን፣
የቀበሌ መታወቂያ፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣
ሁሉንም በሁለት ኮፒ። ጠባሴ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤቱ
መብራት ሲጠፋ ይዘጋል፤ ዛሬውኑ ሂጂ፣ በከሰዓቱ።

በሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፣
አንድ እግሩ ተሰብሮ በብሎኬት የተደለደለ።
ጫፉ ላይ አትቀመጪ፤ አንዱ ስሙ ተጠርቶ ብድግ ሲል
ወንበሩ ሚዛን ይስታል፣ ጫፍ ላይ ያለው ይወድቃል።

ውስጥ ሦስት ናቸው፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ
አቶ ደምሰው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የማይቆጣ፤
ከወላጆች ኅብረት አንድ አዛውንት፣ ዓይናቸው ክድን ክድን፤
ጸሐፊዋ፣ እንደ ፈተና ወረቀት መዝገቧን በክንዷ የምትሸፍን።

ርዕሰ መምህሩ ይቀድማል። ቁጥር ነው የሚያወራው፦
«በክፍል ስልሳ ስምንት ልጅ። ቦታ የለም። ምድቧም ከበሬሳ ማዶ ነው።»
ውሸት የለበትም። አታቋርጪው። እኔ «ሥነ ሥርዓት!» ተብዬ ነበር፤
ለሳምንት ያጠናሁት ንግግር ጠፋኝ፣ ከዳር እስከ ዳር።

ከዚያ «ቀጥይ፣ እናት» ይሉሻል። አታልቅሺ፤ ዕንባ ለምደዋል፣
ውሃ ያቀርቡልሻል፣ ብዕሩ ግን ይቆማል።
ብዕሩ በምን እንደሚነሣ ልንገርሽ።

የእኔ እጥፍወርቅ እስከ መቶ ብቻ ነበር የምትቆጥር፤
ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ እርምጃዋን ስትሰፍር
መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ባቄላ ኪሷ ጣለች፤
አሥራ ሰባት። ደግማ ቆጥራ አረጋገጠች።
ወደ ምድቧ፣ ከበሬሳ ማዶ፣ በሌላ ቀን ሄደን፦
ሃምሳ ሦስት። ኪሷ ሞልቶ የተረፈውን በእኔ መሐረብ ይዘን።

ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፣ ሁለት ክምር፣ ጎን ለጎን።
አዛውንቱ ነቅተው አንዷን ፍሬ አነሡ፤ «ከየትኛው ማሳ ይሆን?»
ጸሐፊዋ «በቃለ ጉባኤው ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች፤
«ባቄላ በይው» ተባለች።
አቶ ደምሰው ሳቁን አፍኖ «መቶ ላይ ማን አስቀራት?»
«ከመቶ ወዲያ ያለውን ነው፣ ጌታዬ፣ የመጣሁት ልለምንላት።»

በዕለቱ አይወስኑም። «ሌላ የምትይው?» ሲሉ «የለም» ትያለሽ፣
በሦስተኛው ቀን ከሰሌዳው ላይ ስም ትፈልጊያለሽ።
የእሷን «እጥፉወርቅ» ብለው ጽፈውት ነበር፣ በእርሳስ፣ ከታች።
ስልሳ ዘጠነኛ። ለአንድ ዴስክ አራተኛ ሆና ገባች።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ለጽድቅ አይምሰልሽ፣ ሽታዬ።
አምና ጫፉ ላይ አንቺ ነበርሽ። ስነሣ ወደቅሽ፤ ዞሬም አላየሁ፣ ተቻኩዬ።
የክትባት ካርዱን ጭቃ ነካው፣ የአጥናፉን፣ የልጅሽን።
«አንድ ብቻ እንጨምራለን» ብለው ነበር። «ለከርሞ» አሉሽ ያንቺን።

ዓመቱን ሙሉ በአጥርሽ ስር ሳልፍ አንገቴን ደፋሁ፣
አጥናፉ ደጅ ላይ ጎማ ሲያሽከረክር እያየሁ።
እጥፍወርቅ አሁን እስከ ሺህ ትቆጥራለች፤
«አጥናፉስ ስንተኛ ነው?» ብላኝ ታውቃለች።

ነገ ባቄላ አትያዢ፤ እሱ አንዴ ተስቆበታል።
የአጥናፉ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ግን ይኖራል፤
ምን እንደሆነ አላውቅም። ሌሊቱን አስቢው።
ጠዋት መጥቼ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ካልጠላሽው።

አንቺ መሀል ተቀመጪ።
ጫፉ ላይ እኔ እሆናለሁ።